ዶሮውን ማን ባረከው?

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ዲማ አጠገብ ባለው ቀዬአችን ጎልማሳ ወንድ የሚባል ጠፍቶ ነበር። ገሚሱ ዱር ቤቴ ብሏል፣ ገሚሱ አፈር ገብቷል። ባሌም ሸፍቶ ዱር ከገባ ጥቂት ወራት አልፈውታል። ቤት የቀረነው አማቴና እኔ ነን፤ እኔም የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል አማቴ፣ "ልጄ ለፋሲካ ይመጣል፤ በእጄ ሳይገድፍ አይቀርም" አሉ። በማን በኩል እንደላከባቸው ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩ፤ የዚያን ጊዜ የማያውቁትን ነገር ቢገረፉም አያወጡትም ነበር።

ቅዳሜ ሙሉ ሽንኩርት ስንከትፍ ዋልን። አማቴ ከጦሙ በፊት የደበቋትን ቅቤ አወጡ፤ ቁሌቱ በርበሬውን ጠጥቶ ቀላ። የጎደለው የሚያርድ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ቢላዋ ይዛ ነፍስ ያለውን ነገር አንገት አትነካም። ሴት ያረደችውን ክርስቲያን አፉ አያደርስም። ወንድ የሌለበት ቤት የጎረቤት ወንድ ይለምናል፤ ያም ከሌለ ፋሲካን በሽሮ ይውላል።

ባሌ የደረሰው እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው። አጥንቱ ገጥጦ ባየሁት ጊዜ አለቀስኩ። ቢላዋውን ተቀብሎ ከጓሮ ወደ ምሥራቅ ዞረና አውራ ዶሮውን ባረከ። ከዚያ፣ "ሰው ሳያየኝ ልሂድ" አለ።

"አፈር ስሆን! ሳትቀምስ የት ትሄዳለህ?" አሉ እናቱ።

የእናቱን ዓይን አይቶ ተቀመጠ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ። ዶሮውን ገንጥዬ፣ ብልት ብልቱን አውጥቼ፣ ውኃው እስኪጠራ አጠብኩና ቁሌቱ ውስጥ ጨመርኩት።

ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ውሻው ጮኸ። ባሌ ዘሎ ባዶው የእህል ጎታ ውስጥ ገባ፤ ክዳኑን ጫንኩበት። አንድ ጣሊያን መኮንንና ባንዳዎቹ ደጃፉን ሞሉት። ጣሊያኑ ብቻውን ቢሆን ምንም አልነበረ፤ የበርበሬው እንፋሎት አስነጥሶት ወደ ውጭ ሸሸ። ፈረንጅ ስለ ዶሮ ወጥ ምን ያውቃል! የባንዳዎቹ አለቃ ግን የእኛው አገር ሰው ነው፤ እዚሁ ቤት ስንት ፋሲካ የበላ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይኸው ነው። ድስቱን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ፈገግ አለ።

"እንኳን አደረሰዎ፣ እማማ። ዶሮውን ማን ባረከላችሁ?"

የአንድ ጎረቤት ሽማግሌ ስም ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ሄደው ቢጠይቋቸውስ? አማቴ ቀደሙኝ።

"እኔው ነኝ ያረድኩት።"

"እርስዎ?"

"እና ማን ይረድልኝ? ወንዱን ጨርሳችሁት!"

ሰውዬው ሳቀ። ምድጃ ጥግ የነበረችውን እንቁላል ጣይ ዶሮ በእግሯ አንጠልጥሎ አመጣና ቢላዋውን አቀበላቸው።

"እስቲ እረጃት። ልይሽ።"

አንቺ አላቸው፣ ያ እንጀራቸውን የበላ!

ዓይኔ ወደ ጎታው እንዳይሄድብኝ መሬት መሬቱን አየሁ። ባሌ ሁሉን ይሰማል። "እመብርሃን፣ ያዥልኝ፣ እንዳይወጣ" እያልኩ ሆዴን ይዤ ቆምኩ። አማቴ የዶሮዋን ክንፍና እግር ረገጡ፣ አንገቷን ሳብ አደረጉ፣ ቆረጡት። በስመ አብ አላሉም። ደሙ ቀሚሳቸው ላይ ተረጨ።

ባንዳው አመነ። ፊቱን ከስክሶ ድስቱን በእግሩ ደፋው፤ "ሴት ያረደችውን ውሻ ይብላው!" ብሎ ሰዎቹን አስከትሎ ሄደ።

ባሌ ከጎታው ሲወጣ ወጡ አመድ ውስጥ ነበር። የእናቱን እጅ ሳመ፣ እንጀራ በደረቁ ጠቅልሎ ያዘና ወደ ዱሩ ተመለሰ። ክረምቱ ሲገባ መሞቱን ሰማን።

ባንዳው ግን አፉን አልያዘም፤ ቁይ ገበያ ላይ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም አወራው። የማኅበራቸው ሴቶች የአማቴን ጽዋ ተራ ዘለሉት። የነፍስ አባታቸው መጥተው ለምን እንዳረዱ ሲጠይቋቸው፣ "ሆዴ አሸነፈኝ፣ አባ" ብለው አቀረቀሩ። እኔ ልፈነዳ ደረስኩ።

"ለእሳቸው እንኳ እውነቱን አይነግሯቸውም?" አልኳቸው በኋላ።

"አርበኛ የደበቀ ቤት እንደሚቃጠል አታውቂም? ልጄ አንዴ ሞቷል፤ ልጁን ደግሞ በሆድሽ ይዘሻል። ዝም በይ።"



የተዝካሩ ቀን ያለ የሌለ እህላችንን አወጣን። እንጀራው ተጋገረ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ የሽሮ ወጡ በትልቁ ድስት ተሠራ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ አንዱ ሆዱን አመመኝ፣ ሌላው መንገድ አለብኝ እያለ ሳይቀምሱ ሄዱ። አማቴ ደጃፍ ቆመው አላፊውን ሁሉ፣ "ስለ ልጄ ነፍስ፣ አንድ ጉርሻ" እያሉ ለመኑ። ያንኑ ረሃብ አብረውን የተራቡ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እየሳቡ አለፉ። ለሆዷ ስትል ያረደች፣ እጇ የረከሰ አሏቸው፣ እኔ እየሰማሁ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ገቡና ከሙሉው መሶብ አጠገብ ተቀመጡ። አላለቀሱም። እንጀራውን ቆርሰው፣ ወጡን አጥቅሰው ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ።

"ብይ ልጄ" አሉኝ፤ "አንቺ እንኳ እጄን ታውቂዋለሽ።"