የዘጠኝ ከአርባው መዳብ

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሬ ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ከክፍሉ ልጆች በአሥር ዓመት እበልጥ ነበር። ከቀን ተማሪዎች ጋር የተቀመጥኩት በአንድ ትምህርት ብወድቅ ወደ ማታው ክፍል እንደምዛወር ፈርሜ ነው። ቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ በፎንቆ መንገድ ነበርና ማታ የሚያደርሰኝ ሰው አልነበረኝም። ለእኔ መውደቅ ማለት ትምህርት ማቆም ነበር።

ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ሕንዳዊ ነበር። አንድ ጠዋት የቀበሌውን የድምፅ ማጉያ ባትሪ ተውሶ መጣ። ሁለት የመዳብ ዝርግ በሰማያዊ የመዳብ ጨው ውሃ ውስጥ አስነክሮን፣ በአንደኛው ላይ የሚለጠፈውን መዳብ እንድንመዝን አዘዘ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ኮረንቱ ካልተለወጠ፣ ጊዜው እጥፍ ሲሆን የሚለጠፈውም መዳብ እጥፍ ይሆናል።

የጀመርንበትን በራሴ ሰዓት አይቼ 3፡10 ብዬ ጻፍኩ። ሲያበቃ እጄ እርጥብ ስለነበር የጠረጴዛ ጓደኛዬን፣ «ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂና ጻፊ» አልኳት። መምህሩን ጠይቃ ያላትን ጻፈች። ደብተሩ ተሰበሰበ።

ሲመለስ ማርኬ ከአሥር ሦስት ነበር፤ በዚህ ኬሚስትሪ መውደቄ ነው። በቀይ ቀለም፣ «መዳቡ መሆን ከሚገባው በአሥራ ሦስት እጥፍ ያንሳል። ስታጥቢው አራግፈሽዋል» ይላል።

«እትዬ፣ መዳቡን በላሽው እንዴ?» አለች ጓደኛዬ።

አልሳቅሁም። ያንን ዝርግ እንደ እንቁላል ነበር የያዝኩት። ቤት ገብቼ ሕጉን ወደ ኋላ ሠራሁት፤ ከመዳቡ ክብደት ተነስቼ ጊዜውን ፈለግሁ። ልክ ሠላሳ ደቂቃ መጣ። ያኔ ነው ደብተሩን በቅጡ ያየሁት፤ ከ3፡10 እስከ 9፡40። ሦስት ከአሥሩ የኛ ነው። ዘጠኝ ከአርባው ግን የመምህሩ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄድ ሰዓት። ለኛ ሦስት ከአርባ መሆኑ ነው።

በማግስቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁት። «ሰር፣ ክፍለ ጊዜው ራሱ አርባ ደቂቃ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ከየት ይመጣል?»

የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ደብተሩን አየ። ሦስቱን ሰርዞ ስምንት ጻፈ።

«ሁለቱስ፣ ሰር?»

«በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልጻፍሽም። ደብተሩ ያንቺ ነው።»

ከቀን ተማሪዎቹ ጋር ቆየሁ። ሁለቷ ማርክ ግን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ሰዓቱ የሱ፣ ጽሕፈቱ የጓደኛዬ ነበር፤ ሳላነብ ያስረከብኩት ግን እኔው ነኝ። የመምህሩ ፍርድ ልክ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ባልተናደድኩ።