አባቴ ሁለት ጊዜ ያጻፉኝ መንዙማ

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት እናቴ ለእኔ ያወጣችው ይመስለኝ ነበር። ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስቸኩል ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ያፈሰስኩበት የለም።

መካነ ሰላም ገበያው ዳር አንዲት ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ዓረብ አገር ያለችው ታላቅ እህቴ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር አስገዝታልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ለወረዳ የሚገባ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ግን ሰዓቱ የአባቴ ነው።

አባቴ ቁርዓን አስቀሪ ነበሩ። ራሳቸው የደረሷቸው መንዙማዎችም ነበሯቸው፤ አንዱም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ያን ዓመት ዓይናቸው መፍዘዝ ጀመረ። ደሴ ያየቻቸው ሐኪም ብርሃናቸው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መድኃኒት የለውም አለች። ከዚያ እንደተመለስን «ልጄ፣ ብርሃኔ ሳይሄድ ቃሌን በፊደል ልየው» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምንም ለምነውኝ አያውቁም።

ክረምቱን ሙሉ እሳቸው ያዜማሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መልሼ ሳነብላቸው «ኧረ ተይኝ፣ ይህን እኔ አላልኩም!» ብለው ይስቁብኛል። ጨርሰን ለማሳተም ደሴ ብወስደው፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። የምጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም አሮጌ ነው አሉኝ። የወሰድኩበት ዲስክ የተውሶ ነበርና አጥፍቼ መለስኩት።

አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጽሕፈት ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ሲዲዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ሁለት ዓይነት አለ» አለ። «አሮጌው ከማሽንሽ ጋር ይስማማል፣ ሌላ ቦታ ግን አይነበብም። አዲሱ የትም ይነበባል፤ ግን የማሽንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይሸከመውም። እሱን ለመቀየር ደግሞ ማሽኑ መጽዳት አለበት።»

«አዲሱን!» አልኩ፣ ተናግሮ ሳይጨርስ።

አባቴ አጠገቤ ነበሩ። እኛ ቤት የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደረሳ ትምህርቱን በቃሉ ከያዘ በኋላ የሚጽፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሉሁን፣ አጥቦ ነው አዲሱን የሚጽፈው። «ይጽዳ እንጂ! ሉህ ሳይታጠብ መቼ ይጻፍበታል?» አሉ። ጠጋኙ ወደ እኔ ዞሮ «የሚቀመጥ ነገር አለ?» አለኝ። እኔም በዚያው ሉህ ያደግኩ ነኝና መታጠብ አላስፈራኝም፤ የሚጠፋውም የድሮው ፕሮግራም ብቻ መሰለኝ። «ምንም የለም» አልኩት።

አዲሱ ተጫነ። ፊደሉ ሲያምር! ከዚያ መንዙማዎቹን ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የሉም። «ጠየቅኩሽ እኮ» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ። ክው አልኩ። አባቴ «እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «ሸጋ ሆኗል፣ አባዬ» አልኳቸው።

በማግስቱ «ፊደሉ ስለተቀየረ ከመጀመሪያው እያስተያየን እንሂድ» ብዬ ዋሸሁ። «አብሽሪ» አሉና እንደ አዲስ ጀመሩ። በጋውን ሙሉ አዜሙ። እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ እጽፋለሁ። ዓይናቸው ደግሞ ከወር ወር ይደክማል። መጀመሪያ የግድግዳውን ሰዓት ማንበብ አቃታቸው፤ ቆየት ብሎ የበሩን ደፍ በእግራቸው መፈለግ ጀመሩ። ያ ረቢ፣ ይድረስልኝ እያልኩ ስቸኩል፣ እሳቸው ከክረምቱም ይልቅ ቀስ አሉብኝ። አንድ ስንኝ ይሉና ዝም ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። የረሱት እየመሰለኝ አንጀቴን ይበሉታል።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ዕለት ብርሃናቸው ጨርሶ ሄዶ ነበር። እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገጹን በመዳፋቸው ሲዳብሱት ሳይ አልቻልኩም፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አባዬ፣ አውፍ ይበሉኝ። የክረምቱን ጽሑፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባልቸኩል ኖሮ ያዩት ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያ ሰውዬ ማሽኑን ያጸዳ ዕለት ፊትሽን አይቼዋለሁ። ዓይኔ ያኔ ያይ ነበር።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ቀስ አሉ?»

መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አኑረው ራሴን ዳበሱኝ።

«ፊደሉንማ ደረሳው ያነብልኛል» አሉኝ። «አንቺን ግን ማን ያይልኛል?»