ወንፈል በአሽቀሎን

ረፋድ የሚባል ጊዜ መኖሩን ረስቼው ነበር። ፋብሪካ ስሠራ ጠዋት ነበር፣ ማታም ነበር፤ በመካከላቸው ግን ከማሽን ጩኸት በቀር ምንም አልነበረም። ክፍላችን ተዘግቶ ወደየቤታችን ስንሸኝ ረፋዱ ሳይጠራ መጣ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ትተኛለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ወንበሩ እግር ትሄዳለች፤ እኔም ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ከአሽቀሎን ባሕር የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ያደርገዋል። አንዳንዴ ያለሁበት ቤት ይጠፋኝና ከጎንደር እንደወጣሁ እንኳ እዘነጋለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሰው ሥራ ሲፈታ ቃላት እያገላበጠ ይውላል፤ እኔም እንደዚያው ሆንኩ። "ፈታ" የምትለዋን ይዤ አንድ ሙሉ ቀን ዋልኩ። በሬ ከቀንበር ይፈታል፤ ደግ ነው። እስረኛ ይፈታል፤ ያም ደግ ነው። ሚስትም ትፈታለች፤ እሱን ተዉት። ሥራ የፈታ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ሥራ ፈላጊ የሚመዘገብበት ቢሮ ያለችው ልጅ ደግሞ በዕብራይስጥ "ሙቭታል"፣ ሥራ አጥ፣ ብላ ጠራችኝ። ቃሉ ከመሰረዝ ጋር ዝምድና እንዳለው ስለማውቅ ፊቴን ሳላጠቁርባት አልቀረሁም። የአባቴ ዘመን ሰዎች ሳይታረስ የከረመ መሬት ሲያዩ "ጦሙን አደረ" ይሉ ነበር። ከሁሉም እሱን ወደድኩት። መሬቱ አልተሰረዘም፣ አልሰነፈምም፤ ጾሞ ነው ያደረው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ለመስማት ፋታ የላትም። ከዓርብና ከሰንበት በቀር ጠዋት ተነስታ ባርኔአ የሚባል ሰፈር ሄዳ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ከዚያ ወጥታ የመኖሪያ ሕንፃዎች ደረጃ ታጥባለች። ማታ ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ኩሽና ውስጥ ቆማ ትበላለች። "ኧረ ቁጭ በይ" ስላት "ኤይን ዝማን" ትለኛለች፤ ጊዜ የለኝም ማለቷ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ፍቅሩንም ጠቡንም በአማርኛ ነው የተባባልነው፤ ጊዜ ማጣቷን ግን ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው የምትናገረው። ዕብራይስጡ ይቀናታል፤ ለመቸኮል የተሠራ ይመስላል።

"ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ቆብ ስለሌለኝ በኩሽናው ላይ ተነሣሁ። አንድ ረፋድ የቅመም ዕቃዎቿን በሙሉ አውርጄ፣ አጥቤ፣ በቁመታቸው ደረደርኳቸው። በማግስቱ "ትሪስ" የምንለውን ተጠቅላይ የመስኮት መዝጊያ ፈታታሁት። ምንም አልሆነም ነበር። መልሼ ስገጥመው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና አልወጣም አልወርድም አለ። ባለቤቴ ማታ ገብታ በርበሬዋን ስትፈልግ እጇ ኮረሪማ ላይ፣ ከዚያ አብሽ ላይ አረፈ።

"በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግኸኝ እኮ!" አለች።

"በቁመት ነው የደረደርኳቸው። እዪው፣ ያምራል።"

"'ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት' ያለችው ሴትዮ ያንተ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም።"

እኔ ሳቅኩ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት የአሮጊቷ ልጅ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። እናቷ ሌሊት ብቻዋን መሆን ስለማትችል፣ ባለቤቴ ከሰንበት በቀር ሁልጊዜ እዚያው እንድታድር ጠየቀቻት። ክፍል አለሽ፣ አልጋ አለሽ፣ ደመወዙም ይሻላል፤ መልሱን ግን ሰንበት ሳይገባ እፈልጋለሁ አለቻት። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"ምን ትላለህ?" አለችኝ።

"አንቺ እንዳልሽ" አልኳት።

ከሰንበት ሰንበት ብቻ የምንገናኝ ከሆነ ግን፣ ባልና ሚስትነታችን ቀርቶ ጉርብትና ሊሆን ነው። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል፤ በዚያ ቤት ከእርሷ ድምፅ ሌላ የምጠብቀው ድምፅ የለኝም። ነገር ግን የማይሠራ ሰው የሚሠራውን "ተው" ለማለት በምን አፉ? ኩራትም አለብኝ፣ ኀፍረትም አለብኝ። እርሷ አንዱን ሸሚዜን ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው።

ወንፈል ትዝ ያለኝ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይዋ የወንበሩን እግር አልፋ ግድግዳውን ስትይዝ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፌ ውስጥ አገኘሁት። ከስንት ዘመን በኋላ! ለማያውቀው ልንገር፦ ደቦ ብዙ ሰው ጠርቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ ማሠራት ነው። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። እኔ ዛሬ ያንተን ማሳ አርምልሃለሁ፤ አንተ ነገ የኔን ታርምልኛለህ። ቀኑ በቀን እንጂ በገንዘብ አይመለስም። ባለ ቀኑ ያዘዘውን መሥራት ነው እንጂ "ይሄስ አይስማማኝም" አይባልም። ምሳውም የሚመጣው ከባለ ማሳው ቤት ነው።

"ወንፈል እንግባ" አልኳት ማታ።

ማንኪያዋን ይዛ ቆመች። "ከማን ጋር?"

"ከኔ ጋር። ሐሙስ ከሰዓት ደረጃውን እኔ አጥብልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ዓርብ ጠዋት የኔን ሥራ ትሠሪልኛለሽ።"

"ያንተን ሥራ? ትሪስ ማበላሸት ነው?"

"ዓርብ ትሰሚዋለሽ።"

ያን ጊዜ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁት ቆይቼ ነበርና ደነገጥኩ ማለት ይቻላል። "ብሴደር፣ እሺ፣ ገብቻለሁ" አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ባልዲና መወልወያ ይዤ ሄድኩ። ከማሽን ጋር የኖርኩ ሰው ደረጃ ያቅተኛል ወይ ብዬ ቶሎ ቶሎ ከታች ጀመርኩ። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ቆሻሻው ውኃ እየወረደ ያጠብኩትን ያለብሰዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ከሦስተኛው ፎቅ አንዲት ሩሲያዊት ባልቴት በሯን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ ምንም ሳትናገር ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ከላይ ነው የሚጀመረው ማለቷ ነው። አመስግኜ ወጣሁና እንደገና ጀመርኩ።

ጨርሼ ታች ስደርስ ርቦኛል። ስንቅ አልያዝኩም፤ ረስቼው ግን አይደለም። ለወንፈል ስንቅ ይዞ መሄድ ባለ ማሳውን ንፉግ ብሎ እንደ መስደብ ነው። እጄ ያንን ልማድ ይዞ ባዶውን ከቤት ወጥቶ ነበር። ያለሁት ግን አሽቀሎን ነው፣ ማሳውም ሲሚንቶ ነው፣ ምሳ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ሰውም የለም። "አንተ ሽማግሌ ጅል" እያልኩ ራሴን ስሳደብ የሕንፃው በር ተከፈተ። ባለቤቴ ናት። በፌስታል ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል፣ በትንሽ ዕቃ አዋዜ ይዛለች።

"ባለ ማሳዋ መጣች" አለች።

ትንሽ እንባ እንባ አለኝ። አብረን እንብላ ስላት ግን ድስት ጥጃለሁ ብላ በመጣችበት ተመለሰች። እንድታርፍ የሰጠኋትን ከሰዓት በሰንበት ምግብ ሞልታዋለች።

ዓርብ ጠዋት ምሳው የኔ ተራ ነበርና ዳቦ፣ ቲማቲምና አይብ ቋጥሬ በአውቶቡስ ወደ ብሔራዊው ፓርክ ወሰድኳት። ከትልልቆቹ ሾላዎች በአንደኛው ሥር ምንጣፍ ዘረጋሁ። ከፊታችን የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ምሰሶዎች፣ ግማሾቹ ቆመው፣ ግማሾቹ ሣሩ ላይ ተጋድመው፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነበር። ጭጋግ ነገር ስለነበረ ባሕሩ የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም።

"በል፣ ሥራው የታለ?"

"ይሄው ነው። እዚህ መቀመጥ። እኔ ሁልቀን የምሠራው ይሄን ነው።"

"ትቀልዳለህ?"

"ባለ ቀኑ እኔ ነኝ። ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ።"

ቀላልም አልሆነላትም። መጀመሪያ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከለች። ቀጥላ ሌሎች ጥለውት የሄዱትን ጠርሙስ ለማንሣት ተነሣች፤ አስቀመጥኳት። ቦርሳዋን ከፍታ ውስጡን መልቀም ጀመረች፤ ቦርሳውን ወሰድኩት። እጆቿ ምን እንደሚሆኑ ጠፍቷቸው ጉልበቷ ላይ ይፍተለተሉ ነበር። ከዚያ የሾላው ቅጠል ብርሃኑን እየበጣጠሰ ፊቷ ላይ ሲጥለው ዓይኗን ጨፈነች። ማዕበሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ጊዜ ዓይኗን ሳትከፍት "እነዚህን ድንጋዮች ያቆሙት ሰዎችም ተጣድፈው ነበር ይሆን?" አለች። "ሳይሆን ይቀራል?" አልኳት። ዝም አልን፤ ዝምታው እንደ ቤቱ ዝምታ አልከበደኝም። እንዲህ ያለውን ነገር በቃል ምን እንደሚሉት አሰብኩ፤ ሥራም ያልሆነ፣ ሥራ መፍታትም ያልሆነ። አላገኘሁለትም፤ አሁንም እየፈለግኩለት ነው።

ስልኳ ጮኸ። የአሮጊቷ ልጅ ናት። ባለቤቴ ስልኩን ይዛ እያየችው ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

"መልሷን ፈልጋ ነው። ምን ልበላት?" አለችኝ።

"አንቺ እንዳል..."

"እሱን ተወው!" ቀና ብላ ተቀመጠች። "ማታ ቤት ስገባ ምን እንደማገኝ ታውቃለህ? መብራት ሳታበራ ቁጭ ብለህ አገኝሃለሁ። ዝምታህ ያስፈራኛል። ሥራ የማበዛው ለብር ብቻ ይመስልሃል? እሱን ላለማየት ነው እኮ የምሮጥ።"

ምሰሶዎቹን አየሁ፣ ባሕሩን አየሁ፤ ወደ እርሷ ማየት ከበደኝ። ደክማ ስትገባ በወሬ እንዳላስቸግራት ብዬ ነበር ዝም የምለው። መብራቱንም አላበራም፤ ሂሳቡን ሠርታ ለምትከፍለው ሴት እያዘንኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ በዚያ ጨለማ ስጠብቃት፣ እርሷ ከጨለማው ስትሸሽ ኖራለች። ዓመት ሙሉ ቃል ሳገላብጥ ከርሜ፣ ለሚስቴ የሚሆን አንድ አጥቼ ነበር።

"አትሂጂ" አልኳት።

"ምን አልክ?"

"አትሂጂ። ሌሊቱንስ ለኔ ተይልኝ። ያላንቺ ቤቱ ይውጠኛል።"

"ሳምንቱን ሙሉ የት አስቀምጠኸው ነበር?" አለችኝ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወዲያው ወደ ድሮ ጠባይዋ ተመለሰች። "እንግዲያው የሐሙሱ ደረጃ ያንተ ነው። በወንፈል አይደለም፤ ያንተ ነው። የሰኞውንም ትወስዳለህ። እኔ ሰኞ ከሰዓት እቤቴ እተኛለሁ።"

"እሺ።"

"ከላይ ነው የሚጀመረው።"

"ዐውቄዋለሁ።"

ስልኩን አንሥታ መልሳ ደወለች። በዕብራይስጥ ነበር የተናገረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በዚያ ቋንቋ ሳትቸኩል ስትናገር ሰማኋት። ስለ አሮጊቷ ጤና ጠየቀች፣ ስላሰቧት አመሰገነች፣ ቀን ቀን እንደ ወትሮዬ እመጣለሁ አለች። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ ደመወዙን ጨምራ ስትለምናት ይሰማኛል። ባለቤቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"ሌሊት ሰው ይጠብቀኛል" አለቻት።