እንግዳው የተገዘተበት ተዝካር

አባቴ ያረፈው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በወርኃ ታኅሣሥ ነው። ከቀብሩ ይልቅ ተዝካሩ ትዝ ይለኛል ስል የሚታዘበኝ ይኖራል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። በአርባው ሰሞን ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ለሰው ባወራሁት ቁጥር ዛሬም ደስ ይለኛል።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ በሚወርድበት ቀበሌ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ ሲሞት እቤት የቀሩት እናቴና ታናሽ ወንድሜ አዲሱ ነበሩ። እርሻው በሙሉ አዲሱ ላይ ወደቀ። ያሏቸው በሬዎች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ወይኖና ቦራ።

ተዝካሩ ሲቃረብ ሱቄን ዘግቼ ወደ እነሱ ሄድኩ። ስደርስ ገብሱ ተፈጭቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ጎረቤቱ እንጨት ይፈልጣል። ቦራ ደግሞ ሊታረድ ተወስኗል።

ውሳኔው የጋሼ አያሌው ነበር። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ኮስታራ፣ ከአንድ ቃል ሁለት የማይጨምሩ ሰው። “ወንድሜ በሰው ተዝካር ሥጋ እየበላ ኖሮ የራሱ በሽሮ አይወጣም” ብለዋል። እሳቸው ካሉ በኋላ ደግሞ በዘመዱ መካከል አፉን የሚከፍት የለም።

እኔ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ፤ እናቴም “የበርበሬ ልጅ” ትለኛለች። ያን ዕለትም ጓዜን ሳላስቀምጥ ነደድኩ። ቦራ ከታረደ አዲሱ በምን ሊያርስ ነው? ባለ አንድ በሬ ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ መቀናጀት አለበት። ዝናቡ ሲጥል ግን ሁሉም የራሱን ማሳ ያስቀድማል፤ የእኛ መሬት ጦም ማደሩ ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ ዘረዘርኩላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና “እኔስ መቼ ጠፋኝ ልጄ፤ ሰው ምን ይለኛል?” አለችኝ።

በዚህች ቃል ስንት ቤት እንደተራቆተ አገሬው ያውቃል። እናቴ በሬው ያሳዝናታል፣ ልጇም ያሳዝናታል። “ባሏን በሽሮ ሸኘችው” መባሉን ግን ከሁለቱም አብልጣ ትፈራለች።

የሚያስቀው፣ ድግስ እንዳይበዛ የሚከለክል ደንብ ቀበሌው ውስጥ አለ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው ነው፤ ቅጣትም ተቀምጦለታል። አዲሱ እንዳጫወተኝ፣ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ብዙም ሳይቆይ ለአባቱ ሙት ዓመት ሰንጋ ጣለ። ስብሰባውን የመሩት ሰውዬም እዚያው ድግስ ላይ ቁርጥ ሲያማርጡ ታዩ። ቅጣቱን የጠየቀም የከፈለም የለም።

ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ስሜነህ ሄድኩ። በእኛ አገር ፖሊስ የማይፈራ ሰው ግዝት ይፈራል። ቄስ በሥልጣነ ክህነቱ “ይህን እንዳታደርግ” ብሎ ከገዘተ፣ አፍርሶ በሰላም የሚተኛ የለም። መምሬ ጓሯቸው ውስጥ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። እናቴን ገዝተው እንዲያስቆሙልኝ ለመንኳቸው። አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና “እሺ፣ አስብበታለሁ” ብለው ብቻ አሰናበቱኝ። በበኩሌ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ቄሱም ጋሼን ፈሩ አልኩ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። እንዲህም አሉ፦

“ሐሙስ የወንድማችን ተዝካር ነው። ሁላችሁም ትመጣላችሁ፤ መቅረት የለም። ነገር ግን በዚያ ቤት ቢላ ያነሣ፣ ሥጋ የቀመሰ፣ ሥጋ የለም ብሎም ያማ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን።”

ከአጠገቤ የቆመች ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከወንዶቹ በኩል ጋሼ አያሌው ፊታቸው ጠቆረ፤ ማንንም ሳይሰናበቱ በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

እናቴን ስፈልግ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፋ፣ ፊቷን ተሸፋፍና ትንቀጠቀጣለች። በሕዝብ ፊት ተዋረድኩ ብላ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላውን ገለጥ ሳደርግ እንባዋ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላየሁት ፊት ነው። “ተገላገልሁ” አለችኝ። ግድግዳውን ደጋግማ ሳመች።

መምሬን ተከትዬ ሄጄ መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ፣ የለመንኳቸው እናቴን እንዲገዝቱ እንጂ አገሩን ሁሉ እንዲገዝቱ አለመሆኑን ነገርኳቸው። ሳቅ አሉ።

“እናትሽን ብገዝታትማ ‘ለባሏ ሰስታ፣ ቄሱን ለምና ነው’ ይሏታል። እሷን ያሰራት የሰው አፍ ነው። እኔም አፉን ገዘትሁት” አሉኝ።

እናቴ ቤት እስክደርስ ደጋግሜ አሰብኩት፤ እኔ በሬውን ብቻ ነበር የማየው። እሳቸው ግን እናቴ በዚያ መንደር የምትኖረውን ቀሪ ዕድሜ ጭምር አይተውላታል።

ያም ሆኖ እስከ ሐሙስ ልባችን አላረፈም። ጋሼ ደጃችንን አልረገጡም። እናቴ አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጀመራት፤ በሬው ተርፎ ዘመድ ሊበተን ነው አለች። የባሏ ወንድም ከተቀየማት ለአዲሱ ማን ሽማግሌ ሆኖ ይላክለታል? ማንስ አባት ይሆነዋል? እኔም ውስጤ ፈራ፤ ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ነኛ።

ሐሙስ ጸሎተ ፍትሐቱ ደርሶ ሰው ወደ ዳሱ ገባ። ይቀራል ያልነው ሁሉ መጣ፤ ከጠራነውም በላይ ሆነ። የቀረበው ድንች ወጥ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ ጠላው ግን እንደ ልብ። መጀመሪያ ላይ ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ዝም ብሎ ይጎርስ ነበር። ሥጋ ወዳድነቱ አገር ያወቀው አንድ ጎረቤታችን ድንቹን አገላብጦ አገላብጦ “በእናንተ ሞት፣ ይቺ ድንች ጮማ አላት፤ እንዳልገዘት ሥጋ አይደለችም፣ ብላ በሉኝ” ሲል ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ደራ። ያማ አልነበረም፤ ማንስ ደፍሮ?

ድግሱ ሊያበቃ ሲል ጋሼ አያሌው መጡ። ሁሉም ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ቆንጠር ቆንጠር አድርገው በሉ። እናቴ ራሷ ጠላ ቀዳችላቸው። መምሬ ሊያሳርጉ ሲነሡ ጋሼም በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

“ይቆዩኝማ መምሬ” አሉ።

እኔ ሊጣሉ ነው ብዬ፣ ከተጣሉ የምመልሰውን ሁሉ በሆዴ አዘጋጅቻለሁ።

“እናታችን ስታርፍ ሁለቱንም በሬዎቼን አረድሁ። ሰው በልቶ፣ መርቆኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ክረምት በሰው በሬ፣ ደጅ እየጠናሁ አረስሁ፤ ለአንድም ሰው አልተናገርሁም። ያኔ የሚገዝትልኝ አጣሁ።” ትልቁን ልጃቸውን አይተው ወደ መምሬ ዞሩ። “የእኔን ተዝካር ዛሬ፣ በቁሜ ይገዝቱልኝ። እኔ ስሞት ልጆቼ በሬ እንዳይነኩ።”

መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ፤ ዳሱ በሙሉ “አሜን” አለ። ያንን ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ የነበርኩት እኔ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አዲሱ በዚያ ክረምት በወይኖና በቦራ አርሶ፣ በጊዜው ዘራ። ሽማግሌ ሲላክለትም መሪው ጋሼ ነበሩ። አሁን በዚያ ደብር ተዝካር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሹልክ ብሎ መምሬ ጓሮ ጎራ ይላል። እሑድ ሲገዘት ግን ምንም እንደማያውቅ ሰው ደንግጦ አንገቱን ይደፋል። ሁላችንም ነገሩን እናውቃለን፤ ማንም አይናገርም።

የመምሬን ብልሃት ስንት ጊዜ አውርቼ አልጠገብኩትም። ጋሼ ያደረጉት ግን ይበልጥብኛል። ኮስታራ ሽማግሌ በዘመድ አዝማድ ፊት ቆሞ “ተጎድቼ ነበር” ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ዛሬም አሉ፤ ዛሬም ከአንድ ቃል ሁለት አይጨምሩም። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ጉልበታቸውን ስሜ ነው የምቀመጠው፤ እሳቸውም “ምነው አበዛሽው” ይሉኛል።