ባየሽ ያስቆፈረችው ውሃ

ኮኪት ውስጥ ሴት መሐንዲስ ያየነው በባየሽ ነው። ከእሷ በፊት ኢንጂነር ሲባል ጫማው አቧራ የማይነካው የከተማ ወንድ ነበር የሚመስለን። እሷ ግን ከቆፋሪው ማሽን አጠገብ ጭቃ ለብሳ ስትውል፣ የኛ ወንዶች ጥላ ሥር ተቀምጠው «ሴት ካስቆፈረችው ጉድጓድ አፈር እንጂ ውሃ አይወጣም» እያሉ ይስቁ ነበር። ምላስ መቼም አጥንት የለውም።

ውሃው ወጣ። ግን ሞቆ ወጣ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች፣ የቀን ሠራተኞቹ ማለቴ ነው፣ ሙቅ ውሃ ከመሬት ሲፈልቅ ካዩ ፀበል ነው ከማለት ሌላ አያውቁም። የአንዱ የእግር ቁስል ደረቀለትና በቃ፣ ጉድጓዱ ታጠረ፣ በር ጠባቂም ቆመለት። ባየሽ ውሃውን አስመርምራው ነበር። ጨው በዝቶበታል፤ ለመታጠብ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ይዘጋ ብላ ብትለምን «የእግዜርን ውሃ ልትደፍኝ?» ብለው ሊደበድቧት ቃጡ።

እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን የእናቷ ነገር ነው። ታንጉ የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው፣ ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ጆጋቸውን ይዘው እዚያው ናቸው።

አንድ ቀን ልትመልሳቸው እየሮጠች ሄደች። ጀምበሩ የሚባለው በር ጠባቂ «ንጹሕ ነሽ፣ እህቴ?» አላት። የወር አበባዋን መጠየቁ ነው፤ አበባ ላይ ያለች ሴት ፀበል አትገባም። ነኝ ብትል ማን ያጣራል? የኛ ባየሽ ግን መዋሸት አልፈጠረባትም። «አይደለሁም» አለችና ራሷ ካስቆፈረችው ጉድጓድ ደጅ ቀረች። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

«እማ! ተይ አትጠጭ፣ ይገልሻል!» ብላ በአጥሩ ላይ ጮኸች።

ታንጉ ጆጉን ጨልጠው ወደ አጥሩ መጡ። ፊታቸው አባብጧል።

«እነሱ ፀበል ይበሉት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔስ የምጠጣው ያንችን ውሃ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅብሽ ከርሞ፣ እኔ እናትሽ ልጠየፈው?»

ባየሽ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። «መጥፎ ሥራ ነው የሠራሁት በይ፣ እማ። ልጄ አበላሸች በይና ተይው።»

«እሱስ ከኔ አፍ አይወጣም» አሉ።

ሰሊጡ ተራግፎ ሳያልቅ ቀበርናቸው።