ባለ ሁለት ቀበቶው ዘንግ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው የሰው ዕቃ ስለወሰድኩ ብቻ አይደለም። በወሰድኩት ዕቃ እግዚአብሔርን በሰው ፊት ስላመሰገንኩ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ሮደልሃይም ሰፈር ነው። ፌኸንሃይም ውስጥ መጋዘን እሠራለሁ፤ እሁድ እሁድም እዚያው አቅራቢያ በተከራየነው አዳራሽ እናመልካለን። አዳራሹ የራሳችን ስላልሆነ ድምፅ ማጉያዎቹን ከምድር ቤት ሁለተኛ ፎቅ አውጥቶ መልሶ ማውረድ የኔና የወንድም ታሪኩ አገልግሎት ነው። ሊፍት የለውም።

እኔ ደግሞ ዓይኔ ሽፔርሙል ላይ ነው። እዚህ አገር ሰው የማይፈልገውን ትልልቅ ዕቃ በቀጠሮ ቀን ደጅ ያወጣል፤ የቆሻሻ መኪናው እስኪመጣ የፈለገ ያነሳል። የአዳራሻችን መደርደሪያዎች፣ የመጋቢያችን ጠረጴዛ ሳይቀር እኔ ያነሳኋቸው ናቸው። “የሽፔርሙል ሚኒስትር” ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ስሙን ወድጄው ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ከቤቴ አለፍ ብሎ ካለ ሕንፃ በር ላይ የሽፔርሙል ክምር አየሁ። ከክምሩ አጠገብ አንድ ዘንግ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። በሁለቱም ጫፍ ስፖንጅ የገባበት ሰፊ ቀበቶ አለው፤ መሐሉ ላይ ሞላ፣ በአንደኛው ጫፍ ደግሞ የብስክሌት ደወል ተገጥሞለታል። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ለምን እንደሚሆነኝ ግን ወዲያው ገባኝ። አንስቼው ሄድኩ።

እሁድ ቀበቶዎቹን እኔና ታሪኩ በየትከሻችን አጠለቅን፤ ድምፅ ማጉያውን መሐል ላይ አንጠልጥለን ደረጃውን ጀመርን። ሸክሙ ቀለለን፤ ዘንጉ ግን ረጅም ስለሆነ መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። ታሪኩ ቆይ እስቲ፣ ደህና ዕቃ ነው፣ አናበላሸው አለኝ። አልሰማሁትም። ከምድር ቤቱ የብረት መጋዝ አመጣሁና መሐሉን አንድ ክንድ ያህል ከነሞላው ቆርጬ ጣልኩት፤ የቀረውን በብረት ቁራጭና በብሎን አጋጠምኩት። ከዚያ በኋላ ያለ ችግር ዞረ።

በምስክርነት ሰዓት ቀድሜ ተነሳሁ። ጌታ የጎደለንን ያውቃል፣ ለትከሻችን እንኳ አሰበልን ብዬ ዘንጉን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ጉባኤው “አሜን” አለ፤ ሃሌሉያውም ቀለጠ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የመብራት ምሰሶ ላይ፣ ዝናብ እንዳያርሰው በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አየሁ። ዘንጉ በእርሳስ ተስሏል፤ ቀበቶው፣ ሞላው፣ ደወሉ፣ ምንም አልቀረም። ከሥሩ በጀርመንኛ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ “እባክዎ ይመልሱልን። ለሌላ ሰው አይጠቅምም። ለባለቤቴ ግን ዓይኗ ነው።”

በማግስቱ የቆረጥኩትን ፍለጋ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የቆሻሻው ገንዳ ከተወሰደ ቆይቷል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። ዘንጉን እንዳለ ይዤ ወረቀቱ ላይ ወዳለው አድራሻ ሄጄ የበሩን ደወል ደወልኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ሄር ሎረንዝ፣ እኛ አቶ እንደምንለው፣ የሚባሉ፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ሰው ናቸው። ድሮ ሆኽስት ፋብሪካ ውስጥ መሣሪያ ሠሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ዓይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመት አልፏል። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ላንግላውፍ ይወዳሉ፤ ሸርተቴ እግር ላይ አስሮ በበረዶ ላይ ሜዳውንና ጫካውን እያቋረጡ መሄድ ማለት ነው። እሳቸው ከፊት፣ ባለቤታቸው ከኋላ፣ ዘንጉ ወገብ ለወገብ አያይዟቸው ይሄዱ ነበር። ሞላው ንዝረቱን ያበርዳል፤ ደወሉ “ቁም” ማለት ነው። ያን ሐሙስ ቀበቶውን ሊያሰፉ ይዘውት ወጥተው፣ መኪናቸውን እስኪያመጡ ከጎረቤት ሽፔርሙል አጠገብ አቁመውት ነበር።

ዘንጉን ተቀብለው በሜትር ለኩት። አልተቆጡም። ባለቤታቸው ግድግዳውን እየዳበሱ መጥተው ጣታቸውን በቱቦው ላይ አስኬዱ፤ ያጋጠምኩት ብሎን ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ማነው የቆረጠው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ሄር ሎረንዝ ጊዜ ካለዎት ወደ ምድር ቤት ይምጡ አሉኝ። ካጠፋሁም በኋላ “እርስዎ” ማለታቸውን አለመተዋቸው ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

ምድር ቤቱ በእጃቸው በሠሩት ነገር ሞልቷል። በሕፃን ጋሪ ጎማ የተሠራ የበጋ መለማመጃ ሸርተቴ አለ፤ ሰም ማቅለጫ የሆነ አሮጌ የልብስ ካውያም አየሁ። ሞርሳው ላይ ዘንጉን አስረን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ሞረዱ። ዓይናቸውን ከሥራው ሳያነሱ፣ በልባቸው ምክንያት ሐኪሙ ከዚህ የብርድ ወራት በኋላ ሸርተቴ እንዳይሄዱ እንደከለከላቸው ነገሩኝ። ታውኑስ ተራራ ላይ በረዶ የተተነበየው ለማግስቱ ቅዳሜ ነበር።

እንደ ሞላው ያለ ሌላ አልተገኘም፤ በምትኩ ወፍራም ጎማ አስገባንበት። ርዝመቱም አልተመለሰም፤ ረጅም አዲስ ቱቦ ለማዘዝ ጊዜ አልነበረም። ስንጨርስ ባለቤታቸው ቀበቶውን ታጥቀው ከኋላቸው ቆሙና “አጥሯል” አሉ። ቀጥለውም “ግን ትንፋሹ ይሰማኛል” አሉ።

ቅዳሜ ማታ ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ባለቤታቸው ፍራው ሎረንዝ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል በበረዶው ላይ ሄደዋል። አቀበቱ ላይ የባለቤታቸው ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰምተው ደወሉን ደወሉ፤ አስቁመው፣ አሳርፈው፣ ቀስ ብለው ተመለሱ። ድሮ በዚያ ርቀት ይህን አልሰማም ነበር አሉኝ።

በማግስቱ እሁድ፣ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ እንደገና ቆምኩ። ጌታ ሰጠን ያልኳችሁ ዘንግ የሰው ነበር፣ ሳልጠይቅ ወሰድኩት፣ ቆረጥኩት ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። አሜን ያለ አልነበረም። ፍራው ሎረንዝ በስልክ ያሉኝን ስነግራቸው ታሪኩ ሊያጽናናኝ ብሎ “አየህ፣ ጌታ እንዲያጥር ያደረገው ለዚህ ነው” አለኝ።

“ያሳጠረው የኔ መጋዝ ነው” አልኩት።

ከፊት የተቀመጡት እማማ ብርነሽ፣ ከማናችንም በፊት እዚህ አገር የመጡ እናታችን፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና “ይኼኛው ምስክርነት ነው፣ ልጄ” አሉ።

ሄር ሎረንዝ ዘንድሮ ተራራ አልወጡም። ዘንጉ ኮሪደራቸው ላይ ተሰቅሏል። አልፎ አልፎ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ፍራው ሎረንዝ ሲያልፉ ብሎኑን በጣታቸው ነካ ያደርጉታል፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን የመጨረሻ ጉዟቸውን ላሳጣቸው ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር አልረሳም፤ አንድ ቀን ዘግይቼ ቢሆን ያ ቅዳሜ ያልፋቸው ነበር። ሽፔርሙል ማንሳት አልተውኩም። አሁን ግን መጀመሪያ የቤቱን ደወል እደውላለሁ፤ የሚከፍትልኝ ከሌለ ዕቃው ባለበት ይቆያል።