ቁጢጥ ብዬ የቀረሁበት ጊዜ

መጀመሪያ የቆመው ቀኝ እጄ ነው። ሮቤ ገበያ ባለችው ሱቄ ለደንበኛ ሻሽ ላወርድ ወደ ላይ የዘረጋሁት እጅ እዚያው ቀረ። ሴትየዋ የቀለድኩባት መስሏት ተቆጥታ ወጣች። እኔ ግን ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «ከተነቃነቅሽ የጀማል መኪና ይገለበጣል» ይለኛል። ጀማል ባለቤቴ ነው፤ ከሮቤ ጎባ ሚኒባስ ይነዳል።

እንደምንም ቤት አስገቡኝ። አልጋው ጥግ ቁጢጥ አልኩ። ቀናት አለፉ፤ አልተነሳሁም። አልበላሁም። አልተናገርኩም። ሲያስተኙኝ ተመልሼ ቁጢጥ እላለሁ። ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ጂኒ ነው ይላሉ። ሁሉን እሰማለሁ። ሽንቴ አመለጠኝ። እሱንም አወቅሁ።

ያጠቡኝ አማቴ፣ አዴ ፋጡማ ናቸው። እሳቸው ፊት ሻሼን እንኳ አውልቄ አላውቅም ነበር። አሁን ራቁቴን ነኝ። ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» እያሉ ሲያጥቡኝ መቀመጫዬ ላይ ቁስል አዩ። ግራ ባቴ አብጦ ይፋጃል።

«ጀማል፣ ዱዓውን መንገድ ላይ እናደርጋለን። መኪናህን አስነሳ» አሉት።

ጎባ ሆስፒታል የመረመረኝ ሐኪም ሕመሙ ካታቶኒያ እንደሚባል ነገራቸው። «ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው እንዲህ ሊያደርቀው ይችላል። አሁን ያስፈራኝ ግን እግሯ ነው፤ ደም ረግቷል። ወደ ሳንባ ከሄደ ልናጣት እንችላለን።»

ለረጋው ደም ሄፓሪን፣ ለመድረቁ ዳያዜፓም ወጉኝ። ሰውነቴ ላላ። «ጀማል ተርፏል?» አልኩ። ራስጌዬ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን አዞረ።

ቁስሉ ቀስ እያለ ሞላ፣ እብጠቱም ጎደለ፤ ግን ብዙ ቁጢጥ ብዬ በመቆየቴ በሌላው በኩል ከጉልበቴ በታች ያለው ነርቭ ተጎድቶ ስለነበር ቀኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እስካሁንም ፊዚዮቴራፒ እየሠራሁ ጫማዬ ውስጥ የፕላስቲክ ድጋፍ አድርጌ ነው የምራመደው። ሱቄን ከፍቻለሁ። ያን ጊዜ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ሴቶች ጨርቅ ሊገዙ ሲመጡ ግን ዛሬም ፊቴ ይግላል፣ የምለካውን ክንድ እስታለሁ።

አንድ ቀን «አዴ፣ እርስዎን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው መሬት መሬት እያየሽ ሂጂ» አሉኝ፤ «እግርሽ እንዳያደናቅፍሽ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እፍረቱ ግን አልለቀቀኝም። አላህ ለእሳቸው ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ሐኪሞቹንም ነርሶቹንም ያክብርልኝ። መድኃኒቴን አላቋርጥም።

ቤታችሁ እንዲህ የደረቀ ሰው ካለ በግድ አትጎትቱት፣ ይለፍለታል ብላችሁም አትጠብቁ። መቀመጫውን፣ ተረከዙን፣ ባቱን እዩለትና ቶሎ ሐኪም ጋ አድርሱት። ተመልካቹን ከበር መልሱ። ልታጥቡት ስትሉ ደግሞ በስሙ ጥሩት፤ ምን ልታደርጉ እንደሆነ ንገሩት፤ ከዚያ ልብሱን ግለጡ። ባይናገርም ይሰማችኋል።